ሐኪሙ ስለ እናቴ ሲጠይቅ የመለስኩለት

መጀመሪያ ያመማት ጀርባዋን ነበር። እናቴ በስደት አገር፣ ካፉሪ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ዕድሜዋን ሙሉ ያጎነበሰች ሴት ናት፤ ጀርባዬን ብትል ማን ይደነግጣል? ቅባት አሸኋት። በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷ ከተቆረጠ አራት ዓመት አልፎት ስለነበር ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም። ጋደም ስትል ሲብስባት ግን ፈራሁ።

የኤም.አር.አይ. ውጤቱን ይዘን፣ እሷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ሐኪም ፊት ቀረብን። ካንሰሩ ወደ አከርካሪዋ ተዛምቷል። አንዱ አጥንት ነርቭ ሊጫን ተቃርቧል።

ሐኪሙ የእግሯን ጉልበት ፈተነና ወደ እኔ ዞረ። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ራሷ ትታጠባለች? ትለብሳለች? ትንቀሳቀሳለች?"

"እኔ እያለሁ? ከአልጋ አትወርድም ያ ዶክቶር። የማጥባት፣ የማለብሳት፣ የማጎርሳት እኔ ነኝ" አልኩት በኩራት። እኛ ሐበሾች ማስታመም የምንለው ይህንኑ ነው። እናቷን ጣለች እንዳልባል ነበር ጭንቀቴ።

ጻፈ። ደመረ።

"ዐመሊያ አንመክርም" አለ። "ከቀዶ ሕክምና ለማገገም ጊዜ ያስፈልጋል። የቀራት ጥቂት ወር ይመስለኛል።"

እናቴ ዝም አለች።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። እናቴ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ተነሥታ ቀስ እያለች ብቻዋን መጸዳጃ ቤት ደርሳ መጣች። ፋይሏን የያዘችው ነርስ ዓይኗን ማመን አቃታት።

"ትራመዳለች እንዴ?"

"ትራመዳለች። የማልፈቅድላት እኔ ነኝ።"

"ያላ፣ ግቢና ንገሪው። ነጥቧ ዝቅ ያለው እኮ በዚህ ነው።"

ያኔ ገባኝ። ሐኪሙ የሚደምረው የዕድሜዋን ግምት ነበር፦ የካንሰሩን ዓይነት፣ የተነኩትን አጥንቶች፣ ሌላ አካል ውስጥ መግባት አለመግባቱን፣ የእግሯን ጉልበት፣ ራሷን መቻሏንም ጭምር። ጥሩ ልጅ ለመባል ብዬ ከእናቴ ዕድሜ ቀንሻለሁ።

ተመልሼ ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም። አስነሥቶ አስኬዳት፣ ሻሿን ፈትታ እንድታስር አደረገ፣ ራሷን ጠየቃት። እንደገና ደመረ።

"ይህ ግምት ነው፤ ቀኑን የሚያውቀው አላህ ነው። ዐመሊያው ግን ይጠቅማታል፣ ኢንሻላህ።"

አከርካሪዋ በብረት ተደገፈ፤ ቁስሉ ሲደርቅ የጨረር ሕክምናው ቀጠለ። መጀመሪያ በምርኩዝ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፣ በኋላም ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን በሚኒባስ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ድረስ ሄዳ በሽንኩርት ዋጋ እየተከራከረች መመለስ ጀመረች። በኋላ ጦርነት ተነሥቶ ከተማዋን ለቀን ስንወጣም በራሷ እግር ነው የወጣችው።

ለዚያች ነርስ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አስታማሚዎች ሆይ፣ ታማሚው መናገር ከቻለ ራሱ ይመልስ። እናንተም ስትጠየቁ የምታደርጉለትን ሳይሆን እሱ የሚችለውን ተናገሩ። ነጥቡን ስትሰሙ በምን እንደተደመረ ጠይቁ።

እናቴ ዐረብኛ ከእኔ እኩል ትሰማለች። ያን ቀን የተባለው አንድም አላመለጣትም። ካገገመች በኋላ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

"በሰው ፊት ልጄን ውሸታም ላድርጋት?" አለችኝ።