በመርከቡ ቀን የበላሁት ዳቦ

ነርሷ ልጄ ሜላት ነገሩን የነገረችኝ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ከሰብዌይ ባቡር ስንወጣ ነው። አውሎ ነፋስ ወደመታው ደሴት በሚሄድ የባሕር ኃይል የሆስፒታል መርከብ ላይ በፈቃደኝነት ልትሠራ አፕላይ አድርጋ ተቀብለዋታል። «ማሚ፣ እየነገርኩሽ ነው እንጂ እያስፈቀድኩሽ አይደለም» አለችኝ። ኢስት ዮርክ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደገባን ፓስፖርቷን አንስቼ ሽሮ ዕቃው ውስጥ ቀበርኩት። ክዳኑን ስገጥም ግራ እጄን አየሁት።

ይህ እጅ አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላኝ አይዘረጋም ነበር። ሕፃን ሳለሁ የፈላ ውሃ ፈስሶበት ጣቶቼ ተጣብቀው እንደ ጡጫ ቀርተው ነበር። ያኔ የምንኖረው አሰብ ነው፤ አባቴ ወደቡ ላይ ጭነት ያወርዳል። በሙቀቱ ወር፣ ጠዋት እንኳ መንገዱ በጫማ ውስጥ ሲያቃጥል፣ የዓሣው ሽታ ከልብስ አልለቅ ሲል፣ አንድ ነጭ መርከብ መጣ። ጎኑ ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል አለው። የውጭ አገር ባሕር ኃይል ነው፣ በነፃ ያክማል ተባለ። ሰፈራችን ግን የሰው ደም ይቀዳሉ አለ። እናቴም ያመነችው ሰፈሩን ነው።

አባቴ ግድ ሲላት ወሰደችኝ። ሐኪሞቹ አዩኝና ነገ እጇን በቀዶ ሕክምና እንሠራላታለን፣ እስከዚያ እህል እንዳትቀምስ አሉ። እናቴ እሺ አለች። እኛ ዘንድ ግን ልጅ ባዶ ሆዷን መንገድ አትላክም፤ ያውም ወደ ባሕር። ጎሕ ሲቀድ ዳቦ በሻይ እየነከረች አጎረሰችኝ፤ ለማንም እንዳትናገሪ አለችኝ።

መርከቡ ላይ የሐኪሞቹ አስተርጓሚ እህል ቀምሰሻል ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ እናቴ ጎኔን እየቆነጠጠችኝ፣ «በልቻለሁ» አልኩ። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ሆዴ ውስጥ ምግብ እያለ በማደንዘዣ ቢያስተኙኝ ሊያንቀኝ ይችላል። «እንግዲህ ነገ መርከቡ የሚያክምበት የመጨረሻው ቀን ነው» አለች።

እናቴ እግዜር ነው የመለሰሽ ብላ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። በማግስቱ ጠዋት ዳቦና ሻዩን ፊቴ አስቀምጣ ተቀመጠች። ከበላሁ ቀረሁ ማለት ነው።

«ብዪ።»

«አልበላም።»

«ብዪ ብያለሁ።»

«ብትገድይኝም አልበላም» አልኩና ተነሥቼ ወጣሁ።

እስከ ወደቡ ድረስ እየሰደበችኝ ተከተለችኝ። ነጠላዋ አሸዋው ላይ ይጎተታል። ልትመልሰኝ ነው ስል፣ ከእኔ ቀድማ ጀልባው ላይ ወጥታ ቁጭ አለች።

«አልፈቀድኩልሽም» አለች፤ «ግን ብቻሽን አትሞቺም።»

ይኸው አልሞትኩም። ጣቶቼ ትንሽ ጎበጥ ቢሉም ይዘረጋሉ። ሜላትን ያጠብኩት፣ ጸጉሯን የሠራሁት በዚሁ እጅ ነው።

በዚሁ እጅ ፓስፖርቱን አውጥቼ፣ ሽሮውን አራግፌ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። አሸተተችውና ሳቀች። «አልፈቀድኩም» አልኳት። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች አልቅሰሽ አስቀሪያት ይሉኛል። አላለቅስም። ማዕበሉንም በሽታውንም ፈርቻለሁ፤ እናቴም ጀልባው ላይ የወጣችው እየፈራች ነው። ኤርፖርት ድረስ እሸኛታለሁ። የዚያን ዕለት ግን ቁርስ ሳትበላ ከቤት አትወጣም፤ በዚህስ ዶክተር ቢመጣም አልሰማም።