ዜሮ ዜሮ ብዬ የሞላሁት ወረቀት

መጀመሪያ የደነዘዘችው የግራ እጄ ትንሿ ጣት ናት። እንጦጦ ላይ በባሕር ዛፎቹ መሃል በሰልፍ እየተጠማዘዝን ስንሮጥ ጠፋችብኝ። ብርድ ነው ብዬ ጓንት ገዛሁ። በሳምንቱ ደረቴን ያፍነኝ ጀመር፤ ለደረት ደግሞ ጓንት የለም።

የክለባችን የአሥር ሺህ ሜትር ማጣሪያ ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ካለፍኩ ውሌ ይታደሳል። ካላለፍኩ ሲግናል የተከራየኋትን ክፍል ለቅቄ፣ ጓዜን ጠቅልዬ ከላምበረት መናኸሪያ ወደ አገሬ መሳፈር ነው። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ክለባችን አንድ ልማድ አለው። ጠዋት ከአልጋ ሳንወርድ የልብ ምታችንን እንቆጥራለን። ወደ ልምምድ በሚወስደን ሰርቪስ መኪና ውስጥ አሰልጣኛችን ስም ሲጠሩ ቁጥሩን ጮክ ብለን እንናገራለን፤ እሳቸው ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። ዝቅ ያለ ምት የጥሩ ሯጭ ነው ስለሚባል እኛ ይህንንም ውድድር አደረግነው። ጓደኛዬ ብርቄ ሁልጊዜ "አርባ ሦስት" ትልና ታሸንፈናለች። የኔ ስድሳ ስምንት ገብቶ ሳለ "አርባ ስድስት" እል ነበር። ውሸቴ እውነት እንዲመስል ከብርቄ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ።

ማጣሪያው አሥር ቀን ሲቀረው፣ ገና እያሟሟቅን፣ ትንፋሼ ጠፋ። ዛፍ ያዝኩ። እጆቼ ተኮራመቱ። እሞታለሁ አልኩ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ከዚያ ወደቅሁ።

ብርቄ ናት ደግፋ ሆስፒታል ያደረሰችኝ። የልብ ምት የሚያነበውን ኢሲጂ ተነሳሁ፤ ደም፣ ታይሮይድ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ሐኪሙ ወረቀቶቹን ሰብስበው "ልብሽ የሚያስቀና ነው" አሉኝ። "የያዘሽ ፓኒክ አታክ ነው። ከጭንቀት ይመጣል፤ ግን ሕመም ነው፣ ይታከማል።" እንዴት እንደተናደድኩ! ልቤን ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ልቡን የታመመ ሯጭ ይታዘንለታል፤ የተጨነቀ ግን ፈሪ ይባላል።

ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላኩኝ። ሴትዮዋ መጠይቅ ሰጡኝ። "ከውድድር በፊት ሰውነቴ ይወጠራል"፣ "እሸነፋለሁ ብዬ እሰጋለሁ" የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ከዜሮ፣ ማለትም በጭራሽ፣ እስከ ሦስት፣ ማለትም በጣም፣ ቁጥር ይሰጣል። ከላይ እስከ ታች ዜሮ ሞላሁ። በሁለት ደቂቃ ጨርሼ፣ አንደኛ እንደወጣ ሰው በኩራት አስረከብኩ። ውጤቱ ለአሰልጣኜ የሚላክ መስሎኝ ነበር።

ባለሙያዋ አልተከራከሩኝም። የእጄን አንጓ ይዘው ሰዓታቸውን እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠሩ።

"መቶ አሥራ ስምንት፤ ያውም ተቀምጠሽ። የኔ ልጅ፣ ይኼ ማጣሪያ አይደለም። ከዋሸሽኝ የማክመው ሌላ ሰው ነው።"

አለቀስኩ። ያንኑ መጠይቅ ባዶውን እንደገና ሰጡኝ። ያንን ለመሙላት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ሰኞ ሰርቪሱ ውስጥ ስሜ ሲጠራ "ስድሳ ስድስት" አልኩ።

አሰልጣኛችን ዞር አሉ። "ስንት?"

"ስድሳ ስድስት፣ ኮች። እስከዛሬ የነገርኩዎት ውሸት ነው። ታምሜያለሁ።"

ከኋላ ብርቄ፣ አርባ ሦስቷን ቀድማ ያስመዘገበችው፣ "ኮች፣ የኔንም ያርሙልኝ። ሃምሳ ስምንት ነው" አለች።

ማጣሪያውን አልሮጥኩም። ውሌም የተራዘመው ለግማሽ ዓመት ብቻ ነው፤ ይህንንም የለመኑልኝ አሰልጣኜ ናቸው። በቀጠሉት ወራት ጠዋት ጠዋት ምቴን፣ እንቅልፌን፣ የጭንቀቴን መጠንና በዚያ ሰዓት የማስበውን እየጻፍኩ፣ በረጅሙ መተንፈስን እየተለማመድኩ፣ መጀመሪያ በእግር ከዚያም በሶምሶማ ወደዚያው ጫካ ተመለስኩ። ደብተሬን ሳገላብጥ የገረመኝ፣ የሚያሳምመኝ ከሩጫው ይልቅ ስሜ እስኪጠራ የምጠብቅበት የሰርቪሱ ወንበር መሆኑ ነው። አሁን ሁላችንም ቁጥራችንን በየራሳችን ወረቀት ጽፈን እንሰጣለን።

ሕመም ነው ብለው ስም ለሰጡልኝ ሐኪም፣ ዜሮዎቼን ላላመኑት ባለሙያ፣ ለብርቄም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። እናንተም እንደኔ ጣታችሁ ቢደነዝዝ፣ ደረታችሁን ቢያፍናችሁ፣ አስቀድማችሁ ልባችሁን ተመርመሩ። ደህና ነው ከተባላችሁ በኋላ መጠይቅ ሲሰጣችሁ ደግሞ አትሽቀዳደሙ፤ ቀስ ብላችሁ እውነቱን ሙሉ።

ዛሬ ጠዋት የኔ ሃምሳ አራት ነበር። ሃምሳ አራት ብዬ ጻፍኩ።