የቀረው ስም

በየማለዳው በመሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ከመቀመጧ በፊት፣ የባሏን የዛለ ቀኝ እጅ በሁለት እጆቿ አንስታ ጉልበቱ ላይ ታኖረዋለች፤ የበግ ጠጉር ባናውንም ታለብሰዋለች። ጎኑ ከደነዘዘ ወዲህ ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ በፈንጣጣ የሞተችው ልጃቸው ስም።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ «እትዬ፣ ባለቤትዎ በልጅዎ ስም ሲጠሩዎት ያርሟቸው፤ የራስዎን ስም ይንገሯቸው። አለዚያ ንግግራቸው አይመለስም» ይላታል።

«እሺ፣ ዶክተር» ትላለች፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ።

ዛሬ ድሬሰሩ ዘወር እንዳለ ባሏ፣ «ይዘንጋሽ» አለ።

እሷም የእሷ ባልሆነ ቀጭን የልጅ ድምፅ፣ «አቤት፣ አባዬ» አለችው።

እኔ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ስለ እሷ እንደምጽፍ ታውቃለች። «ሁሉንም ጻፊው፣ ልጄ» አለችኝ፤ «አቤት ማለቴን ብቻ ተይው።»