ስሙን አስቀድሞ የሚናገር ሰው

ናፈቀኝ፤ ምን ላድርግ! ያ ጭቅጭቃችን ናፈቀኝ።

ከአንድ መንደር ወጥተን ሮቢትና ቆቦ የተበተንን ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን። ስለ ማሽላው ዋግ፣ ስለ መስኖው ጉድጓድ፣ ስለ ወረዳው አስተዳዳሪ ንግግር ሳይቀር እንፋጠጥ ነበር። ማታ "አፈር ብላ!" የተባባሉ ሰዎች ጠዋት አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው ይስቃሉ።

የግሩፑ ጌጥ አያ ነበር፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም። መጻፍ ስለማይችል በድምፅ ነው የሚልከው። እኛ መንደር ዋርካው ሥር ሸንጎ ሲቀመጥ ተናጋሪው ተነስቶ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ያስቀድማል። ካላስቀደመ "ማን ነህ?" ተብሎ ንግግሩ ይቋረጣል። አያም ስልኩን እንደ ዋርካው ቆጥሮት "ቢስሚላህ" ብሎ የዘር ሐረጉን ይዘረዝርልናል።

"አያ፣ ስምህን እኮ ስልኩ ያውቀዋል!" እያልን እንስቅበታለን።

"ስልኩን ምን አገባው? ሰው ይወቀኝ እንጂ" ይላል።

አንድ ቀን ከመካከላችን አንድ መምህር ወደ ወረዳው ጸጥታ ቢሮ ተጠራ። ግሩፑ ላይ የጻፈውን ቃል በቃል አነበቡለት። በዚያው ሳምንት ከአያ በቀር ሁላችንም ግሩፑ ላይ ስም ቀየርን። እኔ እንኳ "የቆላ አበባ" ተባልኩ፤ ጉድ እኮ ነው!

አያን ለመንኩት። "በሞቴ፣ ስምህን ተው። የሚከታተሉ ሰዎች አሉ።"

"ይከታተሉ! ልሰማ ብዬ አይደል የምናገረው? ስሙን የሚደብቅ ሌባ ነው።"

በማግስቱ "ጉድጓዱስ ተቆፈረ፤ ፓምፑ የት ገባ?" ብሎ ጠየቀ፤ ከነሙሉ ስሙ።

ወሰዱት። የገዛ ድምፁን ከፍተው "ይሄ አንተ ነህ?" አሉት።

"ከነአያቴ ነግሬያችሁ የለም እንዴ? ሌላ ማን ይሆናል?" አላቸው።

አሳድረው አሳድረው ለቀቁት። እዚያ ምን እንዳሉት እስካሁን አልነገረንም። ስልኩን ለልጁ ሰጠ።

ግሩፑ ዛሬም አለ። "እንኳን አደረሳችሁ" እና "ነፍስ ይማር" ይጻፍበታል፤ የፓምፑን ነገር የሚያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም። አንዳንዴ ግሩፑ ላይ ወደ ኋላ ተመልሼ የድሮ ስድባችንን አነባለሁ።

ዘንድሮ ማሽላው ሲሰበሰብ በውሃ ተራ ጉዳይ ዋርካው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። እኔም ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር አያን ልሰማ ነው የሄድኩት። ተራው ደርሶ ተነሳ። የጎረምሶቹን እጅ አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉም ስልክ ይዘዋል። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቢስሚላህ" አለ።

ስሙን፣ አስከትሎም የአያቴን ስም ከአፉ ጠበቅኩ።

"አንድ ሰው እንዲህ ይላል..." ብሎ ጀመረ።

"ማን ነህ?" ያለው ሰው አልነበረም።