አምስት መቶ ወይም ምንም

ሚስቴን ገበያው ሁሉ የሚያውቃት «መጨረሻው» በሚል ስም ነው። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ባለሱቅ ያለ አይመስለኝም። ዕቃ ታነሳለች፣ ገልብጣ ታያለች፣ ባለሱቁ ዋጋ ሲጠራላት እንዳልሰማች ሆና «እሺ፣ መጨረሻው ስንት ነው?» ትላለች። ጥርስ ሐኪሙን ሳይቀር ተከራክራዋለች፤ ሁለት ጥርስ ነቅሎ የአንዱን ነው የተቀበላት። እኔን ራሴን፣ ላግባሽ ባልኳት ቀን፣ ከላይ እስከ ታች አይታኝ ሲጋራዬን ካስተወችኝ በኋላ ነው እሺ ያለችኝ። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ዋጋዬ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል፤ ክርክር አልወድም። እሷ ስትከራከር ውጭ ቆሜ ሰማይ ሰማዩን የማየው ለዚህ ነው።

ሱቋ የመብራት ዕቃ ሱቅ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ሱቆችም ሁሉ መብራት ይሸጣሉ፤ መብራቱም አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ለሁሉም የሚያስመጣው አንድ ሰው ነው። «ኮንቴይነር» እንለዋለን። ዕቃውን በኮንቴይነር ስለሚያስገባ ነው እንጂ በውፍረቱ አይደለም፤ ውፍረቱም ግን ለስሙ ሳይረዳው አልቀረም። እሱ ያመጣውን ትሸጣለች፣ እሱ በቆረጠው ዋጋ ትገዛለች። ሚስቴ በዚህ ዓለም ላይ ተከራክራ ያልረታችው ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ የምትሄድበት እንደሌለ ያውቃላ!

አንድ ጠዋት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያድሰው ኢንጂነር ሱቋ ገባ። ለንባብ አዳራሹ መቶ ሃያ ተንጠልጣይ መብራት ይፈልጋል፤ ሽፋኑ ብረት፣ ውጩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ነጭ። እንዲህ ያለ መብራት በመንገዱ ላይ የለም። «ማስመጣት ይችላሉ?» አላት። ሚስቴ አንድ አምፖል እንኳ አስመጥታ አታውቅም። «እችላለሁ» አለችው። እሱም እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ፋብሪካ ሊሠራው መስማማቱን እንድታሳየው፣ ካልሆነ ኮንቴይነር ያለውን ዓይነት ወስዶ እንደሚሰቅል ነገራት።

ምሳ ላይ ስትነግረኝ ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። «ምን ነካሽ አንቺ?» አልኳት።

«ይሄ ካመለጠኝ ዕድሜ ልኬን ኮንቴይነር ደጅ ስጠና መኖሬ ነው» አለች። «አንዴ በራሴ ካስመጣሁ ግን፣ ከእንግዲህ የማንንም ፊት አላይም።»

ፋብሪካውን በኢንተርኔት አፈላልጋ አገኘችው፤ ባሕር ማዶ ነው። የሽያጭ ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ፎቶዋ ላይ መነጽር አድርጋ ትስቃለች። ሚስቴ በአማርኛ ትናገራለች፣ ስልኩ ይተረጉማል፤ የልጅቷም መልስ እንዲሁ ተተርጉሞ ይመጣል። የእነሱ ረፋድ የእኛ ንጋት ስለሆነ፣ እኔ ገና ከአልጋ ሳልወርድ ድርድሩ ይጦፋል። ኢንጂነሩ ያለው ዓይነት መብራት አለ። ነገር ግን ልጅቷ «በአረንጓዴ ቀለም ከአምስት መቶ ፍሬ በታች አንሠራም» አለች። ሚስቴ መቶ ሃያ አለች። «የተከበሩ ደንበኛችን፣ አምስት መቶ» አለ ስልኩ። መቶ ሃምሳ አለች። «የተከበሩ ደንበኛችን፣ አምስት መቶ።» አምስት መቶ መግዣ ገንዘብ የለንም፤ ቢኖረንስ የተረፈውን የት እንሰቅለዋለን?

ይኼኔ ሚስቴ የምታውቀውን ዘዴ አመጣች። «እንግዲያው ይቅር» ብላ ስልኩን መደርደሪያው ላይ ጣል አደረገችው። ገበያ ውስጥ ይህ ነገር ከሽፎባት አያውቅም። ዕቃውን አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ትወጣለች፤ ጥቂት ሳትርቅ «ኧረ ነይ! እሺ፣ ነይ ውሰጂው!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ይከተላታል። አሁንም እንደዚያው ጠበቀች። አምፖሎቿን ትወለውላለች፤ ጆሮዋ ግን ስልኩ ላይ ነው። ቀኑ መሸ፣ ሳምንቱ አለቀ፤ የጠራት የለም።

«ምናልባት ስትሄጂ አላዩሽ ይሆናል» አልኳት፣ ላስቃት ብዬ።

አልሳቀችም። ኮንቴይነር ወሬው ደርሶት ኖሮ በሯ ላይ ቆም አለ። «ልጄ፣ ፋብሪካ እኮ ጉልት አይደለም» አላት። «መቶ ሃያ ፍሬ ስትያቸው ይስቁብሻል። ኢንጂነሩን ለእኔ ተይልኝ፤ ለድካምሽ የሆነች ነገር እሰጥሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለችው ፈገግ ብላ። ሲሄድ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ ደሜ ፈላ። ምላጭ የሚይዝ ሰው መናደድ የለበትም፤ ያን ቀን ግን ኮንቴይነር ጢሙን ሊላጭ አለመምጣቱ ለሁለታችንም በጀ።

የከበዳት መመለሱ ነው። ሳይጠሯት ወደ ሻጭ ተመልሳ አታውቅማ! በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ስልኩን አነሳች፤ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። «እንደምን አደርሽ፣ እህቴ» አለቻት። ስለ ዋጋ ትንፍሽ አላለችም። «ለምንድን ነው አምስት መቶ የሆነው? ልከራከርሽ አይደለም፤ እንዲገባኝ ነው።»

ልጅቷን ይህን የጠየቃት ደንበኛ ያለ አይመስለኝም፤ መልሷ ረዝሞ መጣ። ብረቱን ማጠፉ ችግር የለውም። ችግሩ ቀለሙ ነው። ቀለም በተቀየረ ቁጥር የሚረጭበት ማሽን ሁሉ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ግማሽ ቀን ሥራ ይቆማል። ለመቶ ሃያ ፍሬ ብሎ ይህን ሁሉ የሚያጥብ የለም።

ሚስቴ ከአልጋው ጠርዝ ብድግ አለች። «ሌላ አረንጓዴ የሚያስቀባ ሰው የለም ወይ?»

ልጅቷ የትእዛዝ መዝገቡን አይታ መለሰች። አለ፤ አንድ ደንበኛ የግቢ መብራት አዟል፤ በመጪው ወር ይቀባል፤ አረንጓዴው ግን ትንሽ ጠቆር ይላል።

«በይ የእኔን መቶ ሃያ ከእሱ ኋላ ቀጥይልኝ!»

ልጅቷ አለቃዋን ጠይቃ እሺ አለች። ዋጋው ግን ትንሽ የሚያዝ ሰው የሚከፍለው ውዱ ዋጋ ሆነ። እዚህ ላይ እንኳን እሷ፣ እኔም ከብርድ ልብሴ ወጣሁ። «እጥበቱን ሰውየው ከፍሎታል እኮ!» አለች ሚስቴ። «አንዱን እጥበት ስንቴ ነው የምትሸጡት?» ልጅቷ የሳቅ ምልክት ላከች። ሚስቴም ከራሷ በኩል ለቀቅ አደረገች፤ ካርቶኑ ላይ ምንም ባይታተም ግድ የለኝም፣ ቅድመ ክፍያውንም ዛሬውኑ እልካለሁ አለች። ፀሐይ ስትወጣ አምስት መቶ ፍሬ ለሚያዝ ሰው በሚሰጠው ርካሽ ዋጋ ተስማሙ። ልትጨርስ ስትል «ምርቃትስ?» አለች። ስልኩ ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ልጅቷ ለቤተሰባችን ጤናና ረጅም ዕድሜ ተመኘች። ሚስቴ «አሜን» ብላ እንደገና አስረዳቻት፤ አራት ፍሬ ተጨመረ። እኔ አልጋው ላይ ቆሜ ስጮህ ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ።

ወሩ ሳያልቅ ኢንጂነሩ፣ ፋብሪካው በፈጣን መልእክት የላከውን ቀለም የተቀባ ቁራጭ ብረት መስኮት ጋ ወስዶ አገላብጦ አየው። ጠቆረ ብሎ አጉረመረመ። «ሰው የሚያነበው ከውስጠኛው ነጭ በሚወጣው ብርሃን ነው እንጂ በውጩ አረንጓዴ አይደለም» አለችው ሚስቴ። ትንሽ አሰበና ውሉን ፈረመላት።

ዕቃው ከሌሎች ሰዎች ጭነት ጋር ተዳብሎ ደረሰ። መንገዱ ሁሉ ወጥቶ ሲራገፍ አየ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፍተን አበራናቸው፤ ከአንዱ በቀር ደህና ናቸው፤ እሱንም ከምርቃቱ ተካነው። ሚስቴ አንዱን ሽፋን ታቅፋ ብዙ ጊዜ ቆመች። ከፋብሪካ እስከ ደጃችን በመሀል ማንም አልነበረም፤ እሷ ብቻ ነበረች።

አዳራሹ የተከፈተ ዕለት ተጠራን። ኮንቴይነርም የመጸዳጃ ቤቶቹን አምፖል ስላቀረበ ተጠርቷል። ማብሪያው ሲጫን መቶ ሃያው መብራት ባንዴ በራ፤ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ላይ ብርሃን ፈሰሰ፤ ሰዉ አጨበጨበ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም። ኢንጂነሩ በሕዝቡ መሀል አልፎ እኛ ዘንድ መጣ።

«የላይኛው ፎቅ ደግሞ በቅርቡ ይጀመራል» አለ። «ሦስት መቶ ያህል መብራት ይፈልጋል።»

ኮንቴይነር ጉሮሮውን ጠራረገና ወደፊት ጠጋ አለ። «በእኔ በኩል እንኳ ዋጋው...» ብሎ ሲጀምር፣ ኢንጂነሩ ወደ ሚስቴ ዞሮ «እርስዎ ያመጡልኛል አይደል?» አላት።

«አመጣለሁ» አለች።

ዋጋውን እንኳ አልጠየቃትም።