በግድግዳው ላይ ያሉት ሠላሳ ሁለት ወፎች

ግድግዳው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለ የአንድ ሐበሻ ግሮሰሪ የጎን ግድግዳ ነው፤ ከአውቶቡስ ፌርማታው ትይዩ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የሰፈሩ ሰዎች አንዲት ሜክሲኳዊት ሠዓሊ ግድግዳው ላይ እንድትሥል ሲጠይቋቸው እሺ ያሉት፣ መልአክ ይሣላል ብለው አስበው ነበር።

«መልአክ ስጠብቅ አናናስ የተሸከሙ ሴቶች አመጣችብኝ» አሉኝ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን። «አናናስ ደግሞ አልሸጥም።»

በመኪና አንድ ሰዓት ከማትርቀው ከአሌክሳንድሪያ የመጣሁት ለምሠራበት የአማርኛ ሬዲዮ ዘገባ ለማዘጋጀት ነበር። ሠዓሊዋ ስልሳ ዓመት የሚሆናት፣ አጠር ያለች፣ ሽበቷን በመሀረብ የጠቀለለች ሴት ናት። የምትሥለው በትውልድ አገሯ በኦዋሃካ ያለ ጭፈራ እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። ሴቶቹ በአንድ ረድፍ ይቆማሉ፤ እያንዳንዷ ትከሻዋ ላይ አናናስ፣ ገላዋ ላይ የመንደሯን ቀሚስ አድርጋ ትጨፍራለች። የሚያውቅ ሰው ጥለቱን አይቶ ከየት እንደመጣች ይናገራል።

ግድግዳው ላይ ሰባት ሴቶች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የሁለት ሰው ቁመት ያህላሉ። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ቀሚሶቹ የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ። መብራት ይዞት የቆመ ሹፌር አረንጓዴ ከበራ በኋላ እንኳ ሳይነሳ ይቀርና ከኋላው ክላክስ ይጮህበታል። ይህንን ቆሜ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የሦስተኛዋ ሴት ቀሚስ ላይ ሠላሳ ሁለት ወፎች ነበሩ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ሁሉም የሚያዩት ወደ ሰሜን ነው። ረቡዕ ባስተላለፍኩት ዘገባ፣ ወፎቹ እንደ እኛ ወደ ሰሜን የሚሰደዱ ናቸው አልኩ። ዓረፍተ ነገሩ አምሮኝ ነበር። ሠዓሊዋን ግን ስለ ወፎቹ አልጠየቅኳትም።

ሐሙስ ከሰዓት ፎቶ ለማንሳት ተመለስኩ። የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ የሆነች አንዲት ሜክሲኳዊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአውቶቡስ እየወረደች ከማዶ ቆማ ግድግዳውን ስታይ ትቆይ ነበር። በዚያ ቀን መንገዱን ተሻግራ ሠዓሊዋን በስፓኒሽ ጠራቻት። ሠዓሊዋ ላዩ ላይ ቆማ የምትሥልበትን ማንሻ ሊፍት አውርዳ ሰማቻት፤ ከዚያም ዞራ ወፎቹን ታይ ጀመር። ምን እንደተባለች የነገረችኝ ቆይታ ነው። የወፎቹ ቀሚስ የሴትዮዋ እናት መንደር ቀሚስ ነው። ነገር ግን በዚያ መንደር ወፎች የሚሸመኑት ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት እየተያዩ ነው። አንዱ ወፍ ለሌላው ጀርባውን የሰጠበት ቀሚስ ማንም አይሸምንም፣ ማንም አይለብስም።

ስህተቱ ቀላል ነበር። ሠዓሊዋ ከፎቶ ላይ የአንድ ወፍ ቅርጽ ወስዳ ካርቶን ላይ ቆርጣ አውጥታ፣ ያንኑ ካርቶን ሠላሳ ሁለት ጊዜ ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቀለም ቀብታበታለች። ለግማሾቹ ካርቶኑን መገልበጡን ረስታዋለች። እኔ በሬዲዮ ያሰደድኳቸው ወፎች ወደ ሰሜን የዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጋሼ ነገሩ ሲገባቸው ተቆጡ። «ከመኪና ውስጥ ሆኖ ይህን ማን ያየዋል? ንገራት እንጂ። ለቅዳሜው የሥዕሉ ምረቃ ስንት እንግዳ ጠርቻለሁ።»

ነገርኳት። ብሩሿን በጨርቅ እየጠረገች በአገጯ ወደ ሴትዮዋ አመለከተችኝ።

«እሷ አየችው» አለች።

ከዚያ ቀጥላ፣ ግድግዳውን የሠራችው በዚህ ከተማ ቢሮ ለሚያጸዱና ቀሚሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ላስቀመጡ ሴቶች መሆኑን ነገረችኝ። እነሱ «ይህ የእኛ አይደለም» ካሉ ሥራው ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሴትዮዋ ቤቷ ሄዳ ቀሚሱን በፌስታል ይዛ ተመለሰች። ሠዓሊዋ ከመንካቷ በፊት እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች። ቀሚሱን ገልብጣ፣ የመንደሩ ሴቶች በገዛ እጃቸው ቀይ የነከሩትን ክር በውስጥ በኩል በጣቷ እየተከተለች አየች። አንዱ ወፍ ወፍራም ነው፤ አንዱ እግሩ አጭር ነው፤ አንዱ አንገቱን ሰበር አድርጓል። ሁለት ተመሳሳይ ወፍ የለም። ካርቶኑን ለሁለት ቀደደችውና ሠላሳ ሁለቱንም ወፎች በነጭ ቀለም ሸፈነቻቸው። የአንድ ሳምንት ሥራ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ሊፍቱ የኪራይ ነው፤ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳል።

ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ የወተት ሣጥን ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሠዓሊዋ ቀሚሱን ሊፍቱ ብረት ላይ ሰቅላ ወፎቹን አንድ በአንድ በእጇ ትሥላለች። ሴትዮዋ ሥራ አልገባችም፤ ከታች ሆና ሆዱን ጨምሪበት፣ አንገቱን ዝቅ አድርጊው ትላለች። ጋሼ ሊያጉረመርሙ ወጡ፤ ቀጥሎ ለሴትዮዋ ወንበር ይዘው ወጡ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ያቺኛዋ ወፍ ትንሽ ቀና ትበል እያሉ በአማርኛ መከራከር ጀመሩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሊፍቱን የሚወስደው መኪና መጣ። ከላይ አራት ወፎች ይቀሩ ነበር። ጋሼ ሹፌሩን እጁን ይዘው አስገቡና ጥብስ አቀረቡለት። እሱ ሲጨርስ ደገሙለት። እምቢ ማለት አልቻለም፤ እኛ ቤት የገባ እንግዳ መቼም አይችልም። እጁን ታጥቦ ሲወጣ የመጨረሻው ወፍ ዓይን አልቆ ነበር።

ወደ አሌክሳንድሪያ ተመልሼ በዚያው ቀን የዜና ሰዓት እርማት አነበብኩ። ወፎቹ እየተሰደዱ አይደለም፤ ይተያያሉ፤ ሳልጠይቅ ነው የተናገርኩት አልኩ።

ቅዳሜ ሴትዮዋ ያንን ቀሚስ ለብሳ መጣች። ግድግዳው ሥር ቆማ እናቷ ጋ ቪዲዮ ኮል አደረገች። አሮጊቷ እናት ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ወፎቹን አንድ በአንድ አዩ። ሠዓሊዋ እጆቿን አጣምራ ትጠብቃለች። አሮጊቷ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጃቸው ሣቀች። ምን አሉ ብዬ ሠዓሊዋን ጠየቅኳት።

«ማን ነው የሸመነው? አሉ።»

ልጃቸው ስልኩን ወደ ሠዓሊዋ አዞረችው። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አይተዋት እንደገና ተናገሩ፤ በዚህኛው ሁለቱም ሴቶች ሣቁ፤ ሠዓሊዋ ዓይኗን በመሀረቧ ጫፍ ጠረገች።

«እጅሽ ጥሩ ነው፤ ቀዩ ግን የሱቅ ቀለም ነው አሉኝ» ብላ ተረጎመችልኝ። «እውነታቸውን ነው። የሱቅ ነው።»