አቶ ታደሰን ያስደነገጠው ትእዛዝ

ገዳሪፍ በእርዳታ ቢሮ የኮምፒዩተር ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሙዲሩ፣ ማለትም ሥራ አስኪያጁ፣ ወደ ግምጃ ቤቱ ወሰዱኝ። ሱዳናዊ ቢሆኑም ከሐበሾች ጋር ስላደጉ አማርኛቸው እንደ እኔው ነው። የኢሜይል ሰርቨሩ በማሽላ ጆንያዎች መካከል ተቀምጧል።

«ይህ ከቆመ ሁላችንም ዲዳ ነን» አሉኝ። «ማሽኑ የሚያወጣው መልእክት ሁሉ ለየጣቢያው ኃላፊ ይድረስ። በእኔ ቢሮ ምስጢር የለም።»

አልወደድኩትም፤ እንዳሉት አደረግሁ።

ሥራዬን የሚያግዙኝ ስክሪፕቶች ነበሩ፤ ትእዛዞች በተርታ የተጻፉባቸው አጫጭር ፋይሎች። አንዱ ሳይላክ የቀረ መልእክት መኖሩን በየጊዜው ያያል። የሚፈልግበት ትእዛዝ egrep ይባላል።

በሱዳኑ ጦርነትና ረሃብ ዓመታት፣ ኸሪፍ፣ ማለትም ክረምቱ፣ ሊገባ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ሲስተሙን አደስኩ። አዲሱ ሲስተም egrepን አልከለከለም። በተጠራ ቁጥር ግን «ማስጠንቀቂያ፤ ጊዜው እያለፈበት ነው» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ያወጣል። ሰርቨሩም ያንን ለየጣቢያው ይልካል።

ዓርብ ቢሮው ዝግ ነው። የባሱንዳ ጣቢያ ግምጃ ቤት ኃላፊ አቶ ታደሰ ግን የመተማ ክርስቲያን ናቸው፤ ዓርብ ይሠራሉ። ጊዜው አለፈበት የተባለው እሳቸው መሰላቸው።

«ገና አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጤናዬም ሙሉ ነው» ብለው ለሁሉም መለሱ፤ ጆንያ ተሸክመው የተነሡትን ፎቶ አያይዘው። ለደረሳቸው መልእክት መልስ አለመስጠት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በመጣ ቁጥር መለሱ፤ በየጊዜው ከአዲስ ፎቶ ጋር።

በማግስቱ ሙዲሩ በር ላይ ጠበቁኝ። «እትዬ የሺ፣ ከፖርት ሱዳን የጠየቅነው የእህል ሎሪ የታለ? ባሱንዳ ሰው ቅጠል እየቀቀለ ነው። ዝናብ ከወረደ ያ ጥቁር አፈር መኪና አያሳልፍም።»

የመልእክቶቹን ወረፋ ከፈትኩ። የሳተላይት መስመራችን ቀጭን ነው፤ የሎሪው ጥያቄ ከፎቶዎቹ ኋላ ቆሟል።

«ማን ነው የዘጋው?»

«አቶ ታደሰ ናቸው።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ጆንያ ይሸከማሉ።»

ፎቶዎቹን አግጄ ጥያቄውን አስቀደምኩ፤ ሄደ። ከዚያ የስክሪፕቶቹን ቅጂ አወጣሁ። egrep ያለበትን ሁሉ በአዲሱ አጠራሩ፣ በ grep -E፣ ተካሁ፤ አሮጌውና አዲሱ አንድ ዓይነት ውጤት መስጠታቸውን አየሁና በቦታቸው መለስኳቸው። እንደ egrep ያረጀውን፣ የኔትወርኩን ሁኔታ የሚያሳየውን ifconfig የተባለ ትእዛዝም፣ አፍ ሳያወጣ፣ በ ip ቀየርኩት።

«ሙዲር፣ የማሽኑ መልእክት ከእንግዲህ ለእኔ ብቻ ይምጣ።»

«ምስጢር ሊሆን ነው?»

«የለም። ጆንያው እንዲቀር ነው።»

ሎሪው ዝናቡን ቀድሞ ባሱንዳ ገባ። አቶ ታደሰ ደወሉልኝ።

«እትዬ፣ ማስጠንቀቂያው እኮ ቆመ!»

«ቆመ።»

«አዩ፣ ፎቶው አሳመናቸው!»

«ሳያሳምናቸው አልቀረም» አልኩ። ወገባቸውን መታመማቸውን በኋላ ከሎሪው ሹፌር ሰማሁ።

ጊዜው ያለፈበት ትእዛዝ እየሠራ ሳለ ይተካል። ማስጠንቀቂያ መልስ አይጻፍለትም።